የአየር ፍሰት ሴንሰር ብልሽትና የሞተር መጥፋት

የአየር ፍሰት ሴንሰር በቤንዚን ኢንጀክሽን በሚሠራ ሞተር ላይ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን አየር ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። በጋራዥ አጠራር «ኤርፍሎው» ወይም «ማፍ» ይባላል። ቦታው በአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) ሳጥንና በስሮትሉ መካከል ነው። ኮምፒዩተሩ ኢንጀክተሮቹን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፍት የሚወስነው በዋናነት ከዚህ መሣሪያ በሚደርሰው መረጃ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ሲሳሳት የነዳጁም መጠን አብሮ ይሳሳታል። ውጤቱ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሞተሩ በሚኒሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሲጠፋ ወይም ተነስቶ ወዲያው ሲሞት ነው።

ሞተር በጉዞ ላይ መጥፋቱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲቆም የመሪውን ኃይል የሚሰጠው ፓምፕ አብሮ ስለሚቆም መሪው ይከብዳል። የፍሬን ማገዣውም የቀረውን ቫኪዩም በአንድና ሁለት ርግጫ ይጨርስና ፔዳሉ ይደርቃል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሲደርስ አደጋው ግልጽ ነው። በሌላ በኩል ለሚጠፋ መኪና ሁሉ መድኃኒቱ አዲስ ኤርፍሎው ነው የሚለው ልማድ ብዙ ባለንብረቶችን ለከንቱ ወጪ ዳርጓል። ይህ ዕቃ ከሚወቀስበት ጊዜ ይልቅ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ያነሰ ነው።

አሠራሩ

ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። በክብደት ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በይዘት ሲታሰብ ግን 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል በባሕር ጠለል ላይ ከ9,000 ሊትር በላይ አየር ይጠይቃል ማለት ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ በቀጥታ የሚከፍተው የአየሩን በር እንጂ የነዳጁን አይደለም። ነዳጁ አየሩን ተከትሎ የሚመጣ ስለሆነ መጀመሪያ አየሩ መለካት አለበት።

የመለኪያው ዘዴ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ዲ-ጄትሮኒክ የተባለው ሥርዓት አየሩን ራሱን አይለካም ነበር፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ የአየሩን መጠን ያሰላል። ስሙ ላይ ያለው «ዲ» በጀርመንኛ ግፊት ማለት ከሆነው ቃል የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የመጣው ኤል-ጄትሮኒክ ግን አየሩን በቀጥታ መለካት ጀመረ። «ኤል»ም በጀርመንኛ አየር ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ዛሬ «አሮጌ ኤርፍሎው» ሲባል በብዛት የሚታሰበው የዚህ ትውልድ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ባለ ክንፍ መለኪያ ይባላል። በአየሩ መንገድ ላይ በስፕሪንግ የተያዘ የብረት ክንፍ አለ። አየር ሲገፋው ክንፉ ይከፈታል፤ በዘንጉ ላይ የተያያዘች ትንሽ ጣትም በካርበን መስመር ላይ እየተንሸራተተች የቮልቴጁን መጠን ትለውጣለች። የሬድዮ ድምፅ ማስተካከያ ቁልፍ የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፣ የሚያረጀውም እንደዚያው ነው። ከክንፉ ጋር በአንድ ቁራጭ የተሠራ ሌላ ክንፍ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እየተወዛወዘ የአየሩን ምት ያለዝባል። ቦሽ ይህን ዓይነት ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ሠርቷል። ጃፓኖችም ተቀብለውት፣ ለምሳሌ በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ የነበረው 2.4 ሊትሩ 22 አር-ኢ ሞተር እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተጠቅሞበታል።

ሁለተኛው የጋለ ሽቦ ሴንሰር ነው። ቦሽ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤልኤች-ጄትሮኒክ በተባለው ሥርዓት አስፋፋው። ከሰው ፀጉር የማይወፍር የፕላቲነም ሽቦ በአየሩ መካከል ተዘርግቶ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ከሚገባው አየር በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይደረጋል። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው ወረዳው ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይልካል። የተላከው ኤሌክትሪክ መጠን የአየሩን ክብደት ይናገራል። ቀዝቃዛና ከባድ አየር ሽቦውን ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዝ፣ ባለ ክንፉ የሚያስፈልገው የሙቀትና የከፍታ ማስተካከያ ለዚህኛው አያስፈልገውም። የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ጠላቱ ቆሻሻ ነው። በኋላ ሽቦው በስስ ፊልም ተተክቷል፤ የምርመራው ዘዴ ግን ያው ነው። ሚትሱቢሺ የተጠቀመበት፣ አየሩ በአንድ ምሰሶ ዙሪያ የሚፈጥረውን ሽክርክሪት የሚቆጥር ሌላ ዓይነትም አለ።

አንድ ነገር አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ መኪናው በእርግጥ የአየር ፍሰት ሴንሰር አለው ወይ? በአዲስ አበባ «ዲኤክስ» እየተባሉ ከሚጠሩት የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች ብዙዎቹ ካርቦራተር ናቸው። በ1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 5ኤ-ኤፍኢ ሞተርም ኢንጀክሽን ቢሆንም የሚሠራው በማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ኤርፍሎው መፈለግ የሌለ ዕቃ መፈለግ ነው።

ሴንሰሩ ሲበላሽ ሞተሩ የሚጠፋበት ምክንያት

ሞተር ለስሕተት ትዕግሥት የሚያጣው በሚኒሞ ነው። በ3,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር የተከማቸ ጉልበት ስላለው ጥቂት የተበላሹ ቃጠሎዎችን አልፎ ይሄዳል። በ750 ዙር ላይ ያለ ሞተር ግን ሁለት ሦስት ቃጠሎ ካመለጠው ራሱን ማንሳት ያቅተዋል። በሚኒሞ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ 1.6 ሊትር ሞተር በጤናው በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ግራም አየር ብቻ ይስባል። በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ የ1 ግራም ስሕተት ከፍተኛ መቶኛ ነው።

ኮምፒዩተሩ በጭስ ማውጫው ላይ ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እየታገዘ የነዳጁን መጠን ያርማል። ይህ እርማት ግን ወሰን አለው፤ በብዙ መኪኖች ከ25 በመቶ ገደማ አያልፍም። በተጨማሪም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስለማይሠራ ኮምፒዩተሩ የኤርፍሎውን ቃል እንዳለ ይቀበላል። ጠዋት ተነስቶ የሚሞት፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ በግድም ቢሆን የሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

የቆሸሸ የጋለ ሽቦ ስሕተት ወጥ አይደለም። በሽቦው ላይ የተጋገረው አቧራና ዘይት እንደ ብርድ ልብስ ይሆንበታል። በከፍተኛ ፍሰት ጊዜ ሴንሰሩ ከእውነተኛው ያነሰ አየር ይናገራል፤ ሞተሩ ነዳጅ ይጎድለውና ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። በሚኒሞ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው የበለጠ ይናገራል፤ ነዳጁ ይበዛና ካንዴላዎቹ ይጠቁራሉ፣ ጭሱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ተጨማሪው ነዳጅ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ሲሄድ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን በሙቀት ያቃጥለዋል፤ እሱ ደግሞ ከሴንሰሩ እጅግ የሚወደድ ዕቃ ነው።

በባለ ክንፉ ላይ አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። በብዙ አሮጌ የቶዮታና ሌሎች የጃፓን መኪኖች የነዳጅ ፓምፑ ማብሪያ የሚገኘው በኤርፍሎው ውስጥ ነው። ሐሳቡ የደህንነት ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም አየር ስለማይገባ ክንፉ ይዘጋል፣ ፓምፑም ይቆማልና ነዳጅ እሳት ላይ አይረጭም። ሞቶሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ፓምፑ በሌላ መስመር ኤሌክትሪክ ያገኛል። ስለዚህ የክንፉ ማብሪያ ሲበላሽ ሞተሩ ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ይነሳል፤ ቁልፉ እንደተለቀቀ ይጠፋል። ይህን ምልክት የሚያውቅ መካኒክ ኮፈን ሳይከፍት ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

መቼ ነው የሚጠፋው?

ጥሩ ምርመራ የሚጀምረው ከባለቤቱ ጋር በመነጋገር ነው። «ይጠፋብኛል» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መቼ እንደሚጠፋ ግን ብዙ ይናገራል።

መኪናው ፍሬን ተይዞ ወይም ፍሪሲዮን ተረግጦ ዙሩ ሲወርድ የሚጠፋ ከሆነ ኤርፍሎው ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ከእሱ በፊት ግን በጥላሸት የተሸፈነ ስሮትልና የሚኒሞ ማስተካከያ ቫልቭ ይቀድማሉ፤ ሁለቱም በማጽዳት ብቻ ሊድኑ ይችላሉ። ጉድጓድ ሲመታ ወይም ኮረኮንች ላይ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ የላላ ሶኬት፣ የተቆረጠ ሽቦ ወይም በሴንሰሩ ውስጥ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ ሊሆን ይችላል። ከሞቀ በኋላ ድንገት ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መኪና ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሌላ ቦታ ነው። የክራንክ ሴንሰር፣ የኢግኒሽን ሞጁል ወይም የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ መጀመሪያ መታየት አለባቸው። ሽታም ይረዳል፤ ከጠፋ በኋላ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ምንም የማይሸት ከሆነ ነዳጅ ወይም እሳት ጎድሏል።

ፊልትሮ ከተቀየረ ወይም ሞተሩ ከታጠበ ማግስት የጀመረ መጥፋት ደግሞ ሁልጊዜ ወደዚያ ሥራ መመለስን ይጠይቃል። ተመልሶ ያልተሰካ ሶኬት፣ ያልጠበቀ የቱቦ ማሰሪያ ወይም ቦታውን የሳተ የፊልትሮ ክዳን የዘወትር ጥፋቶች ናቸው። ሴንሰሩ አካል ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ በተቃራኒው ተገጥሞ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

የተሰነጠቀው ቱቦ

ከኤርፍሎው እስከ ስሮትል የሚሄደው የጎማ ቱቦ በአሮጌ መኪና ላይ ዋናው አሳሳች ነው። ቱቦው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ በመሆኑ ስንጥቁ በእጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ሞተሩ በጎማዎቹ ላይ ሲወዛወዝ ስንጥቁ ይከፈትና ሴንሰሩ ያልለካው አየር ይገባል። ኮምፒዩተሩ የማያውቀው አየር ስለሆነ ነዳጅ አይጨምርለትም። ምልክቱ ከተበላሸ ሴንሰር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሴንሰሩ ግን እውነት እየተናገረ ነው። በአዲስ ቢቀየርም መኪናው ያው መጥፋቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ቱቦው ወልቆ በብርሃን ፊት መታጠፍና መለጠጥ አለበት። በቦታው ሳለ ከላይ ማየት በቂ አይደለም። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ ትንንሾቹ የቫኪዩም ቱቦዎች፣ የማኒፎልዱ ጋስኬት፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉና የዘይት መሙያው ክዳን ሳይቀሩ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ውኃ በስሱ ቢረጭ፣ ስንጥቅ ካለ ውኃው ሲሳብ ድምፁ ለአፍታ ይለወጣል። አንዳንድ ጋራዦች ለዚህ የካርቦራተር ማጽጃ ስፕሬይ ይረጫሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል።

የባለ ክንፉ ምርመራ

የፊልትሮው ሳጥን ተነስቶ ክንፉ በጣት ቀስ ብሎ ሲገፋ ያለ ምንም መንተራስ እስከ መጨረሻው መከፈትና ሲለቀቅ በስፕሪንጉ ተመልሶ መዘጋት አለበት። የሚያዝ ወይም የሚፋተግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በማኒፎልዱ በኩል የተመለሰ ፍንዳታ ክንፉን ማጣመሙ ነው። የፍንዳታው ምክንያት ካልታረመ አዲሱም ክንፍ ይጣመማል።

ለፓምፑ ማብሪያ የሚደረገው ፈተና በቀላል ቴስተር ይሠራል። በ22 አር-ኢ ላይ «ኤፍሲ» እና «ኢ1» በተባሉት ጫፎች መካከል ክንፉ ተዘግቶ ሳለ መስመሩ የተቆረጠ መሆን አለበት። ክንፉ ትንሽ እንደተከፈተ ደግሞ ቴስተሩ ወደ ዜሮ ኦም ይወርዳል። ክንፉ ተከፍቶም መስመሩ ካልተገናኘ ቁልፍ ሲለቀቅ የሚጠፋው ሞተር ምክንያቱ ተገኘ።

የካርበን መስመሩን መልበስ ለማወቅ ግን ዲጂታል ቴስተር አይመችም፤ ቁጥሩ እየዘለለ ስለሚታይ እውነተኛው መቆራረጥ ይጠፋል። ባለ መርፌ ቴስተር ይሻላል። ቁልፉ በርቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቴስተሩ በምልክት ሽቦው ላይ ተደርጎ ክንፉ በዝግታ ሲከፈት መርፌው ያለ መዝለል ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት። በአንዳንድ መኪኖች ቮልቴጁ ክንፉ ሲከፈት ይጨምራል፣ በሌሎች ይቀንሳል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሕተቱ መርፌው በአንድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ ነው። ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክንፉ ለዓመታት ሲመላለስበት በኖረው በሚኒሞና በመካከለኛ ፍጥነት ክልል ላይ ነው። ጥቁሩን የፕላስቲክ ክዳን ከፍተው ጣቷን ወደ ጎን በጥቂቱ ገፍተው ባልለበሰ የመስመሩ ክፍል ላይ የሚያስኬዷት ባለሙያዎች አሉ። ጥገናው ይሠራል፤ የስፕሪንጉን ጥርስ መነካካት ግን የፋብሪካውን ልኬት ለዘለቄታው ያጠፋል።

የኦቢዲ 2 ደረጃ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ከመሆኑ በፊት የተሠሩ መኪኖች ስካነር የሚቀበል የጋራ ሶኬት የላቸውም። የቶዮታዎቹ ኮድ የሚነበበው በኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሣጥን ላይ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ጫፎች በሽቦ በማገናኘትና የቼክ ኢንጂን መብራቱን ብልጭታ በመቁጠር ነው። ሦስት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ብልጭታ ኮድ 31 ነው፤ በኋለኞቹ 22 አር-ኢ ሞተሮች ላይ የኤርፍሎው ምልክት ችግር ማለት ነው። ኮዱ መስመሩን እንጂ ዕቃውን አይከስም፤ የተቆረጠ ሽቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል።

የጋለ ሽቦው ምርመራ

እዚህ የሚታወቀው አቋራጭ ሶኬቱን መንቀል ነው። ኮምፒዩተሩ ምልክት ሲያጣ ከስሮትሉ አከፋፈትና ከሞተሩ ዙር የተገመተ ቁጥር ይተካል። ሲሠራ የሚንገላታ ሞተር ሶኬቱ ሲነቀል ከተሻለው፣ ሴንሰሩ የሐሰት ቁጥር እየላከ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ቮልቮ 240 መኪኖች ባለቤቶች ይህን ፈተና በደንብ ያውቁታል። በብዙ የኒሳን ሞዴሎች ሶኬቱ ሲነቀል ሞተሩ በደቂቃ ከ2,400 ዙር ገደማ በላይ እንዳይሄድ ይታገዳል፤ ይህ ተጨማሪ ብልሽት አይደለም። ፈተናው ግን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፓምፑ በኤርፍሎው በኩል በሚበራባቸው ባለ ክንፍ መኪኖች ላይ ደግሞ ሶኬቱን መንቀል ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ከዚህ ተነስቶ «ሴንሰሩ ጤነኛ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ፈተና ነው። መጀመሪያ የሚለካው ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከባትሪው ጋር የሚቀራረብ 12 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ በሴንሰሩ መሬት (ኔጋቲቭ) ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ይለካል። ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ መሬቱ ዝጓል፤ ሴንሰሩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የሚልከው ቁጥር ይዛባል። አሮጌ መኪና ላይ ይህ ፈተና ሳይደረግ ዕቃ መግዛት ቁማር ነው። በመጨረሻ የምልክት ሽቦው ይታያል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ምልክቱ በሚኒሞ ከ1 እስከ 1.7 ቮልት ይሆናል፤ ዙሩ ሲጨምር አብሮ ያለ መቆራረጥ ይወጣል። አንዳንድ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን በቮልት ሳይሆን በፍሪኩዌንሲ ስለሚናገሩ ተራ የቮልት ንባብ አይረዳም።

በሚኒሞ ላይ ሳለ ሴንሰሩን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፣ ሽቦውንም ወዲያ ወዲህ ማወዛወዝ ተገቢ ነው። ሞተሩ ሲመታ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ የውስጥ ብየዳው ተሰንጥቋል፤ ሽቦው ሲነካ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ነው። ኤልኤች-ጄትሮኒክ ባላቸው መኪኖች ላይ ሞተሩ ከሞቀና ከጠፋ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሽቦው ቆሻሻውን ለማቃጠል ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። በፊልትሮው በኩል ሲታይ ለ1 ሰከንድ ያህል ደማቅ ቀይ ሆኖ ይበራል። የማይበራ ከሆነ ሽቦው ወይም የሪሌው መስመር ተቋርጧል።

ስካነር ለሚቀበሉ መኪኖች ከኮድ ይልቅ የነዳጅ ማስተካከያ መቶኛው የበለጠ ይናገራል። ከፒ 0100 እስከ ፒ 0104 ያሉት ኮዶች የኤርፍሎውን መስመር ይመለከታሉ፤ ፒ 0171 ነዳጅ ጎድሏል ይላል እንጂ ለምን አይልም። መቶኛው በሚኒሞ ብዙ ጨምሮ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ ስንጥቅ ቱቦ ነው፤ ምክንያቱም በስንጥቁ የሚገባው አየር በሚኒሞ ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ሲሆን በከፍተኛ ዙር ግን ከቁጥር አይገባም። በሚኒሞ ቀንሶ በጭነት ጊዜ የሚጨምር ከሆነ የቆሸሸ ሴንሰር ይመስላል። በጭነት ጊዜ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ደካማ የነዳጅ ፓምፕም ሊሆን ስለሚችል የነዳጅ ግፊት ሳይለካ ውሳኔ አይሰጥም።

ከፍታ የሚያመጣው ስሕተት

የሴንሰር ልኬት ሰንጠረዦች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ግን በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በክብደት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አንድ 1.8 ሊትር ሞተር በሙሉ ስሮትል በ6,000 ዙር በሰከንድ 90 ሊትር ያህል አየር የመዋጥ አቅም አለው። ሲሊንደሮቹ 85 በመቶ ይሞላሉ ቢባል ይህ በባሕር ዳርቻ ከተማ 92 ግራም፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 69 ግራም ገደማ ይሆናል። ስካነሩ ላይ 69 አይቶ መጽሐፉ ላይ ከ90 በላይ ያነበበ መካኒክ ጤነኛ ሴንሰር ሊጥል ይችላል። በሚኒሞ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም፤ ሞተሩ ራሱን ለማሽከርከር የሚፈልገው የአየር ክብደት ተቀራራቢ ስለሆነ የሚኒሞ ቫልቩ በር ይበልጥ ከፍቶ ያካክሰዋል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ ላይ የሚኒሞው ንባብ ከሙሉ ስሮትሉ ይልቅ ይታመናል።

ባለ ክንፉ በከፍታ ላይ የራሱ ድክመት አለው። ክንፉን የሚገፋው የአየሩ ክብደትና ፍጥነት ተደባልቀው ስለሆነ፣ ሳሳ ያለ አየር ከእውነተኛ ክብደቱ የበለጠ ሆኖ ይመዘገባል። ማስተካከያ ከሌለው ሞተሩ በደጋ ከተሞች ነዳጅ ያበዛል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ለማረም የከፍታ ሴንሰር ጨምረዋል፤ እሱ ሲበላሽ የሚታየው ጥቁር ጭስ በኤርፍሎው ላይ ይላከካል።

ማጽዳትና መቀየር

የጋለ ሽቦ ሴንሰር ከመቀየሩ በፊት መጽዳት አለበት። ለዚሁ የተዘጋጀ ስፕሬይ አለ፤ ካልተገኘ ምንም ቅሪት የማይተው የኤሌክትሪክ ነጥብ ማጽጃ ይሠራል። የፍሬንና የካርቦራተር ማጽጃ ፕላስቲኩንና ሽፋኑን ሊበላ ስለሚችል አይመከርም። ሽቦውን በጥጥ፣ በብሩሽ ወይም በጣት መንካት፣ በኮምፕረሰር አየር መንፋትም ይበጥሰዋል። ከተረጨ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሞተሩ አይነሳም። በዘይት የሚታሸ የስፖርት ፊልትሮ የተገጠመለት መኪና ከሆነ ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የወረቀት ፊልትሮውም ከመጽሐፉ ቀጠሮ ቀደም ብሎ መቀየር ይኖርበታል።

ሴንሰሩ በእርግጥ ከሞተ የሚተካው በዕቃ ቁጥሩ እንጂ በመልኩ አይደለም። ውጪያቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሴንሰሮች ለተለያዩ ሞተሮች የተለካኩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሶኬታቸው ይገጥማል፣ ቁጥራቸው ግን ይለያያል። ርካሽ ቅጂዎችም ብዙ ጊዜ በሚኒሞ ደህና መስለው በጭነት ጊዜ ይስታሉ። ስለዚህ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገኘ፣ ቁጥሩ የሚገጥም ኦሪጅናል አሮጌ ሴንሰር ከአዲስ ቅጂ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ከተቻለ ከመግዛት በፊት ከተመሳሳይ መኪና ተውሶ መሞከር ከሁሉም ፈተና ይበልጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገድ ላይ ያሉት ነባር መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ መጠገናቸው ስለማይቀር፣ የእነዚህ ዕቃዎች ፍለጋም አብሮ ይቀጥላል።

ሴንሰሩ ከተቀየረ ወይም ከጸዳ በኋላ ኮምፒዩተሩ በአሮጌው ስሕተት ላይ ተመሥርቶ ያከማቸው እርማት መጥፋት አለበት። በስካነር ይጠፋል፤ በአሮጌዎቹ መኪኖች ደግሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ለጥቂት ደቂቃዎች በማላቀቅ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ ጤነኛው ሴንሰር በተሳሳተ እርማት ላይ ይሠራና መኪናው ለተወሰኑ ቀናት ከበፊቱ የባሰ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው ከተላቀቀ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። ከጥቂት ቀናት የከተማና የረጅም መንገድ ጉዞ በኋላ የነዳጅ ማስተካከያው በሁለቱም አቅጣጫ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ከረጋ ሥራው ተጠናቋል፤ ካልረጋ ፍለጋው ወደ ቱቦውና ወደ ነዳጅ ግፊቱ ይመለሳል።